ለናቲ፦ ዘይት ጥደህ ዞር አትበል

ልጄ ናቲ፣

እጅህ እንዴት አደረ? እህትህ ሕሊና ትናንት ማታ ደውላ ሳምቡሳ ስትጠብስ በዘይት መቃጠልህን፣ ሁሉንም ነገረችኝ። «ለእማ እንዳትነግሪያት» ብለሃት እንደነበርም ነገረችኝ። በእሷ እንዳትቀየም። ከልጅነቷ ጀምሮ ምስጢር ሆዷ ውስጥ እንደማያድር ታውቃለህ። እንኳንም ነገረችኝ። ከባዕድ አፍ ብሰማው ምን እሆን ነበር?

ስደውልልህ «ደህና ነኝ እማ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። አባትህ አጠገቤ ነው። ብዙም አልተናገረም፤ ግን ከትናንት ጀምሮ «የግራው ነው ወይስ የቀኙ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። የግራው ነው ስለው ይተነፍሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ዘይት ጥደህ ዞር አትበል። ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ፣ ጓደኛህ ከኮሪደሩ ቢጠራህ፣ ዞር አትበል። መሄድ ግድ ከሆነብህ መጀመሪያ ምድጃውን አጥፋ፣ ከዚያ ሂድ። ሳምቡሳው ቢቀዘቅዝ ማንም አይሞትም።

አሁን ስለ እጅህ። የጥርስ ሳሙና ቀባህበት አለች ሕሊና። ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ፤ ደሴ የሄድን ጊዜ ለአክስትህ ሲቀባላት አይተሃል። ሁለተኛ እንዳታደርገው። የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም፣ የእንቁላል ውሃም አይቀባም። ሙቀቱን አፍኖ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ለሐኪሙም ቁስሉን መጥረግ ሌላ ሥራ ይሆንበታል። የተቃጠለ እጅ ወዲያውኑ ቧንቧ ሥር ነው የሚያዝ። ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ቢቻል 20። በረዶ አይደለም፣ ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ። ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ አታፍርጠው። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ሂድ። «ነገ ፈተና አለኝ» እንዳትለኝ። ፈተናው ከሰዓት እንደሆነ ሕሊና ይህንንም ነግራኛለች።

የሚገርመው ይህን ወሬ የሰማሁት ከየት በተመለስኩ ማታ እንደሆነ ነው። እህትህ ለስልሳኛ ዓመት ልደቴ የሰጠችኝን ስጦታ ታስታውሳለህ? ያ ፖስታ ውስጥ የነበረው ወረቀት። እዚሁ ቪየና፣ ቬሪንግ ሰፈር፣ አንዲት ሴት በገዛ ቤታቸው ወጥ ቤት የኦስትሪያ ምግብ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ዕለት እሳቸው ጋ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ቆሜ ውዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

ናቲ፣ አንተ እዚህ አገር ስለተወለድክ ይህ ነገር ላይገባህ ይችላል። እኔ ቪየና ይህን ያህል ዘመን ስኖር ኦስትሪያዊ ቤት ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ኬክ በልቻለሁ። የክፍል ጓደኞችህ እናቶች በልደት ቀን ጠርተውኛል። ወጥ ቤታቸው ግን ገብቼ አላውቅም። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ምግቡ ተሠርቶ ይመጣል። ወጥ ቤት የሚገባው ቤተኛ ነው።

የሠራሁበት ወጥ ቤት ነበር፣ እሱማ ነበር። አባትህ ገና ሳይመጣ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ማጠቢያው ከግድግዳው ጋር ስለተገጠመ ጀርባዬ ለምድጃው ነበር። ሥጋው ሲደበደብ እሰማለሁ። ቅቤው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ እሰማለሁ። ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ እቤት ድረስ ይከተለኛል። ዞር ብዬ ልይ ስል ሳህኑ ተቆልሎ ይመጣል። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ግን ሽኒትዘል፣ ያ ተደብድቦ የሚጠበሰው ሥጋ፣ እንዴት እንደሚሠራ በጆሮዬ አውቄ፣ በዓይኔ ሳላይ ስንት ዓመት አለፈ።

ቅዳሜ ዕለት ግን መዶሻውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሴትዮዋ ገና ከሳምንት በፊት ጽፈው «የማይበሉት ነገር አለ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሳማ እንደማልበላ፣ ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ ቅዳሜ ይሁን፣ ሥጋውም የጥጃ ይሁን» ብለው መለሱልኝ። ምንም አላከበዱትም። አንተም ልብ በል፦ ምግብ ዝርዝር ላይ «ቪነር ሽኒትዘል» ብቻ ከተባለ በዚህ አገር ደንብ የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት። «ፎም ሽቫይን» የሚል ከተጨመረበት አሳማ ነው። «ቪነር አርት»፣ ማለትም በቪየናው ዓይነት፣ ካለም ጠይቅ። አፍረህ ዝም አትበል፣ ጠይቅ። ጓደኞችህ ፊት መጠየቅ ነውር አይደለም።

በሩ ላይ ጫማ አወለቅን። ለሁላችንም የቤት ጫማ አዘጋጅተው ነበር። እኔ፣ ካናዳ የመጡ ባልና ሚስት፣ አንድ ጃፓናዊ ወጣት። ሴትዮዋ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ቁርጥ ያለ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ሽርጥ አስታጠቁንና «ዛሬ ማንም ቆሞ አያይም» አሉ። እዚያው ወደድኳቸው።

መጀመሪያ የተጣደው ጉላሽ የሚሉት የሥጋ ወጥ ነው፣ ብዙ ሰዓት ስለሚፈልግ። ከሃንጋሪ ነው የመጣው፤ ቪየናዎች ግን የራሳቸው አድርገውታል። አንድ ኪሎ የበሬ እግር ሥጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አጠገቡ አንድ ኪሎ ሽንኩርት። ካናዳዊቷ «ይህ ሁሉ ሽንኩርት?» ብላ ደነገጠች። እኔ ምን ያስደነግጠኛል? ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው በሽንኩርት አይደነግጥም። ቢላዋውን አንስቼ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ከጎኔ ቆመው ትንሽ አዩኝና «እርስዎ ሠርተው ያውቃሉ» አሉ።

እኛ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ነው የምናቁላላው። እሳቸው ስብ ውስጥ ነው የሚያደርጉት፣ ወርቅማ ቡናማ እስኪሆን። ዝግ ባለ እሳት፣ ሳይቸኩሉ፣ ሥሩን እየፋቁ። እስከዚህ ድረስ እኔ አገሬ ነበርኩ። ከዚያ ፓፕሪካ የሚሉት የቀይ ቃሪያ ዱቄት መጣ። ናቲ፣ እዚህ ጋ ነው ዓይኔን ያልነቀልኩት። ድስቱን ከእሳት አወረዱት። ፓፕሪካውን በተኑ፣ አንዴ ሁለቴ አማሰሉ፣ ወዲያው ኮምጣጤና ውሃ ቸለሱበት። ቸስ አለ። «ለምን?» አልኩ። ፓፕሪካ ውስጡ ስኳር ስላለው ጋል ያለ ስብ ላይ በቅጽበት ያርራል፤ ካረረ ደግሞ ድስቱ በሙሉ ይመራል፣ መድኃኒት የለውም አሉኝ።

እኔ ደግሞ በርበሬን እንዴት እንደምናደርግ ነገርኳቸው። ከእሳት አናወርደውም። ዝግ ያለ እሳት ላይ ውሃ ጠብ እያደረግን፣ ጠብ እያደረግን፣ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ እናቆየዋለን። ማማሰያቸውን ድስቱ ላይ አጋድመው «ምን ያህል ጊዜ?» አሉ። እንደ በርበሬው ነው፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይሄዳል አልኳቸው። ከመሳቢያ ደብተር አውጥተው ጻፉት። የእኔን ነገር ጻፉ! ሌሎቹ ዝም ብለው ያዩን ነበር። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ማርጆራም፣ ኩመል የሚሉት ቅመም ገባ፣ ሥጋው ገባ፣ ክዳኑ ተገጠመ።

ይህን ስነግራቸው አያትህ ትዝ አለችኝ። በርበሬውን የተማርኩት በስልክ መሆኑን ነግሬህ አውቃለሁ መሰለኝ። ደሴ ሳለሁ እማዬ ማጀት አታስገባኝም ነበር። «ጭሱ ዓይንሽን ያጠፋዋል፣ ሂጂ አጥኚ» ትለኛለች። እሷ ያልተማረችውን እንድማር ብላ ነው። እኔም ተማርኩ፣ ፈተናም አለፍኩ፣ አገርም ጥዬ ወጣሁ። ቪየና ስገባ እንቁላል ከመጥበስ ሌላ የማውቀው አልነበረም።

የመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ ዶሮ ገዛሁ። እማዬ ቤት ስልክ አልነበረም። ጎረቤት ጋ እደውልና «ጥሩልኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና እደውላለሁ። ሮጣ መጥታ ትንፋሿ ይሰማኛል። የስልክ ካርዱ ደግሞ እየተበላ ነው። «ሽንኩርቱ ስንት ነው?» እላታለሁ። «እንደ ዶሮዋ» ትለኛለች። «በርበሬውስ?» «እስኪበቃው»። «መብቃቱን በምን አውቃለሁ?» «ሽታው ይነግርሻል»። ሽታ በስልክ አይመጣ! ከዚያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ መሄዴ ትጠይቀኛለች። ወጡን እረሳዋለሁ። ካርዱ ያልቃል። መስመሩ ሲቋረጥ በርበሬው እንዳለ ነው።

እንዲያ እያልኩ በየበዓሉ ቁራጭ ቁራጭ ተማርኩ። አንተ የምትወደው ወጥ በዚያ ስልክ የመጣ ነው። እሷ ግን ከጎኔ ቆማ አንድም ቀን «አሁን በቃው» ብላኝ አታውቅም። ከሁለት ልጆች ጋር ደሴ ስገባ ደክማ ነበር፣ እንደ እንግዳ ተቀምጬ እበላለሁ እንጂ ሌሎች ናቸው የሚሠሩት። አሁን የለችም። ቁጭቱ አይለቀኝም ልጄ። ቅዳሜ የማላውቃቸው ሴት ትከሻ አጠገብ ቆሜ ያ ነው የመጣብኝ። ለሽንኩርቱ ብለው ናፕኪን ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ወደ አንተ ልመለስ። የጠበስከው ቪዲዮ አይተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ቪዲዮው የሚያሳይህ ያማረውን ነው። ዘይቱ አንተ መጥበሻ ውስጥ መጨስ ሲጀምር ቪዲዮው አያየውም። ዘይት ከመቀጣጠሉ በፊት ይጨሳል፤ ማስጠንቀቂያው እሱ ነው። ዞር ያለ ሰው ግን ጭሱን አያይም። ለዚህ ነው ዘይት ጥደህ ዞር አትበል የምልህ።

ሽኒትዘሉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሥጋው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ተደበደበ፣ ጨው ተነሰነሰበት። ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ። ፍርፋሪውን እጄ ለምዶበት ጫን ጫን ሳደርገው እጄን ያዙኝ። አይጫንም። ከተጫነ ሥጋው ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠበስ አይነሳም። ላላ ብሎ ከተቀመጠ ግን ስቡ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ እንደ ማዕበል ይነፋል፤ ያ የምትወደው ጎርበጥባጣ ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። የሚጠበስበት ደግሞ ንጥር ቅቤ ነው። አዎ፣ ያው የእኛው፣ ኮረሪማና ኮሰረት የሌለበት። ቡተርሽማልዝ ይሉታል። ውሃውና አተላው ስለወጣለት ቶሎ አያርርም። ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት፣ 170 ዲግሪ ገደማ። ቴርሞሜትር ከሌለህ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ንከርበት፤ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ደርሷል። ማንኪያው ደረቅ ይሁን። እርጥብ ነገር ወደ ጋለ ዘይት አይገባም። መጥበሻውን በቀስታ እያወዛወዝክ ስቡን ላዩ ላይ ታለብሰዋለህ።

እና ስማኝ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽኒትዘሎች ወጥተው ሦስተኛው ሊገባ ሲል የበሩ ደወል ጮኸ። ሴትዮዋ «መጣሁ» አላሉም። «እናንተ እዩልኝ» አላሉም፣ አራት ትልልቅ ሰዎች እዚያው ቆመን እያለን። ምድጃውን አጠፉት። መጥበሻውን በዝግታ ወደ ቀዝቃዛው ጎን አንሸራተቱት። እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ ነው ወደ በሩ የሄዱት። ፖስተኛው እስኪከፈትለት ጠበቀ፣ ምን ሆነ? ተመልሰው እንደገና አጋሉትና ቀጠልን። አንድ ቃል አልተናገሩም። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ስንት ሺህ ሽኒትዘል የጠበሰ እጅ ይዘው እንደዚያ ካደረጉ፣ አንተ ማን ነህ ስልክ ልታወራ ክፍልህ የምትገባው?

ሕሊና እንደነገረችኝ ስትመለስ እሳት ይዞት ነበር፣ አንተም መጥበሻውን አንስተህ ወደ ማጠቢያው ሮጥክ። ያኔ ነው እጅህ ላይ የፈሰሰው። ናቲዬ፣ ቧንቧውን ሳትከፍት ጓደኛህ ክዳን ስለጣለበት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ለዚያ ልጅ እናቱ ትባረክ። ስሙን ጽፈህ ላክልኝ፣ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ቢፈስ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አንተ ነህ ኢንጂነሪንግ የምትማረው። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጣል። ሥሩ ደግሞ ከፈላ ውሃ እጥፍ በላይ የጋለ ነው። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ 1700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይወጣዋል። ያ እንፋሎት የሚነደውን ዘይት ይዞ ጣሪያ ድረስ ይወረወራል። እጅ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው፣ ፊት ነው፣ መጋረጃ ነው፣ ሕንፃው ነው። ስለዚህ ዘይት ከነደደ፦ ምድጃውን አጥፋ፣ ክዳን ከጎን በኩል ገፋ አድርገህ ጫንበት፣ መጥበሻውን አታንቀሳቅሰው፣ ክዳኑን ቶሎ አትክፈተው። ካልጠፋ በሩን ዘግተህ ውጣና 122 ደውል። ሰው ከተጎዳ 144። ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ የጋራ ወጥ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ስልኬ ላይ አለ አትበለኝ።

ሕሊና አንድ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ከቃጠሎው ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። «ሁለተኛ ምድጃ አጠገብ አልደርስም» ብለሃል። ይህንን አልቀበልም። ሳምቡሳውን የጠበስከው ለስምንት ጓደኛ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከፈተና በፊት አብረን እንብላ ብለህ ነው። ማንም ሳያዝህ፣ እኔ ሳልነግርህ፣ ሰው ልታበላ ተነሳህ። ይህ ልቤን እንዴት እንዳሞቀው ብነግርህ። ሰው የሚያበላ ልጅ አሳድጌያለሁ ማለት ነው። እና አሁን አንድ መጥበሻ አስደንግጦህ ዕድሜ ልክህን የታሸገ ፒዛ ልትበላ? አይሆንም። ፍራው፣ እሱን ፍራው፣ ዘይት መፈራት አለበት። ግን ሽሸው አላልኩህም። አጠገቡ ቁም ነው ያልኩህ።

ሽትሩድሉን፣ ያን የፖም ጥቅል፣ ሳልነግርህ አላልፍም፣ እሱን ከነገርኩህ በኋላ እለቅሃለሁ። ሊጡ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ጠብታ ኮምጣጤ ነው። ሌላ የለም። ጠረጴዛ ላይ እየፈጠፈጡ ያሹታል፣ ልስልስ ሲል ዘይት ቀብተው በሞቀ ጎድጓዳ ሳህን ከድነው ያስተኙታል። ካልተኛ አይለጠጥም። ከዚያ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ አነጠፉ፣ ዱቄት ነሰነሱ። «ቀለበት ያወልቁ» አሉኝ። እሳቸውም የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ከእኔው ጋር አንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሩት። እጃችንን ጨብጠን በመዳፋችን ጀርባ ከሥሩ ገብተን፣ እሳቸው ከወዲያ እኔ ከወዲህ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየሳብን ለጠጥነው። ቀስ በቀስ ጠረጴዛውን ሞላው። ከሥር ያለው አበባ በሊጡ ውስጥ መታየት ጀመረ፣ መጀመሪያ ቀዩ፣ ከዚያ ቅጠሉ። ጋዜጣ ሊነበብበት ይገባል ይላሉ። እኔ ጋ በኩል ትንሽ ተቀደደ። ከጠርዙ ቁራጭ ወስደው ለጥፈው አለፉ፣ ምንም አላሉም።

ፖም ተከትፎ፣ ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ቅቤ ላይ የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ተበተነበት። ፍርፋሪው የፖሙን ውሃ እንዲመጥ ነው። ወፍራሙ ጠርዝ ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በእጅ አይጠቀለልም፤ የጠረጴዛው ልብስ ከአንድ ወገን ይነሳል፣ ራሱ እየተንከባለለ ይጠቀለላል። ጃፓናዊው ልጅ አጨበጨበ። እዚሁ ቪየና በማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በ1696 በእጅ የተጻፈ የሽትሩድል አሠራር እንዳለ ነገሩን። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት የሆነች ሴት ጻፈችውም አልጻፈችውም፣ ያ መሳብ ከወረቀት አይገኝም። እጄ ውስጥ ነው ያለው አሁን።

የድንች ሰላጣውንም ታውቀዋለህ፣ ያለ ማዮኔዝ። ድንቹ ገና ትኩስ እያለ ሙቅ የሥጋ መረቅ፣ ኮምጣጤ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት ይገባበታል። ከቀዘቀዘ አይመጥም። ቀላል ነው፣ እሱን በግራ እጅህ ሳትነካ ትሠራዋለህ።

ጉላሹን በማሰሮ ሰጡን። ዛሬ ጠዋት አሞቅኩት። እንደ ወጥ ነው፣ በማግስቱ ይጥማል። አባትህ በእንጀራ በላው፣ ድስቱን ጠረገው።

የጥብስ ዘይትህን ደግሞ ማጠቢያ ውስጥ እንዳትደፋ። ቀዝቅዞ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚህ ቪየና ለዚሁ ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ባልዲ ይሰጣል። አንተ ያለህበት ግራትስ ከተማም የት እንደሚቀበሉ ሕንፃውን የሚጠብቀውን ሰውዬ ጠይቅ። ላቃጠልከው ምድጃም ራስህ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ጓደኛህን አትላክ። የሚከፈል ካለ ንገረኝ።

አሁን የምነግርህን ያዝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ ቪየና ትመጣለህ። ሴትዮዋ በርበሬውን በዓይናቸው ማየት ፈልገዋል፤ እኔ ቤት ይመጣሉ፣ ዶሮ ወጥ እንሠራለን። ሽንኩርቱን የምትከትፈው አንተ ነህ። ቀኝ እጅህ ደህና ነው፣ በግራው የምትይዘውን አባትህ ይይዝልሃል። ከዚያ ከሰዓት ሽኒትዘል እንጠብሳለን፣ ጥጃውን ከብሩነን ገበያ አዝዣለሁ። መጥበሻው ጋ የምትቆመው አንተ ነህ፣ እኔ ከጎንህ ነኝ። ስልክህን ሳሎን ትተወዋለህ። ዘይት ጥደህ ዞር አትልም፣ እኔም አልልም።

ሴትዮዋ ሰዓት ያከብራሉ። አሥራ አንድ ካሉ በዚህ አገር አቆጣጠር አሥራ አንድ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ላይ ሆነህ እንዳትደውልልኝ። ዓርብ ማታ ግባ። ፋሻውን የሚቀይርልህ ሐኪም የሰጠህን ወረቀትና የጤና መድን ኢ-ካርድህን ያዝ። ባለፈው የወሰድከውን ክዳን ያለውን ድስቴንም መልስ። ጃኬት ልበስ፣ መንገድህ ላይ ያለው ዜመሪንግ ተራራ ላይ በረዶ ጥሏል አሉ። ባቡር ላይ ምንም ገዝተህ እንዳትበላ፣ ሽሮ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ።

እናትህ